ቅን ሐሳብና ባዶ ፊልም

ፊልሙ ከተቀባዩ ጥቅል ጋር ሳይያያዝ የሚሠራ ካሜራ በድምፁ ከጤነኛው አይለይም። ሙሽሮቹ ቆመዋል፣ ፎቶ አንሺው አነጣጥሯል፣ ካሜራው ቀጭ ብሏል፤ ፊልሙ ሲታጠብ ግን ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው። ሐሳብ ቀና ከሆነ ሥራው እንደተሠራ ይቆጠራል ወይ?

ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ በሚውሉበት በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ሁለቱም እምነቶች ለዚህ የቆየ መልስ አላቸው። በክርስቲያኑ ወገን የቆየው የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት አውቆ የገደለንና ሳያስበው የገደለን በአንድ ፍርድ አይዳኝም። ይህ ግን የገዳዩን በደል ያቀልላል እንጂ ሟቹን አያስነሳም። የእስልምና ሕግ ወደ ካሜራው ይበልጥ ይቀርባል፦ ሰላት ያለ ኒያ (የልብ ሐሳብ) አይሆንም፤ ኒያ ብቻውንም ሰላት አይሆንም። ሰጋጁ የመጀመሪያውን ተሸሁድ (ተቀምጦ የሚባለውን ምስክርነት) ቢረሳ በሁለት ሱጁድ (በግንባር መደፋት) ይጠገንለታል። ሩኩዕን (ማጎንበስን) የመሰለ ሩክን፣ ማለትም የሰላት ምሰሶ፣ ከጎደለ ግን ሱጁዱ ብቻ አይበቃም፤ የጎደለው ራሱ መሠራት አለበት።

በካሜራም የሚጠገንና የማይጠገን አለ። የብርሃን ስሜቱ 100 የሆነ ፊልም አስገብቶ የካሜራውን የብርሃን መለኪያ 400 ላይ ያደረገ ሰው ሁለት ደረጃ ብርሃን አጉድሏል። ጥቅሉን በዚያው ጨርሶ ለአጣቢው ከተናገረ የማጠቢያው ጊዜ ይራዘምለትና አብዛኛው ይድናል፤ በጥላ ውስጥ የጠፋው ግን አይመለስም። አፍሮ ዝም ካለ ያ ዕድልም ያመልጠዋል። ዜኒት ኢ በተባለው ካሜራ ከ1/30 ሰከንድ በፈጠነ ሸተር ፍላሽ ከበራ ደግሞ የፎቶው ከፊል ጥቁር ይወጣል፤ ለዚህ መድኃኒት የለውም።

ያልተያያዘ ፊልምን ለማወቅ የላላውን በመጠቅለያው እንቡጥ ቀስ ብሎ መወጠር፣ ከዚያ የፊልም መሳቢያውን ክንድ እየሳቡ እንቡጡን ማየት ይበቃል፤ ካልዞረ ፊልሙ አልሄደም። ይህን እያወቀ ሳያይ የቀረ «አላወቅሁም» ቢል፣ ጨርሶ ካልተማረው ጋር እኩል አይታይም።

ከባዱ ጥያቄ የታዛዡ ስህተት ነው። በሸዋ ሮቢት የቀትር ፀሐይ ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ስትነሳ መለኪያው ሁሉን እንደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚቆጥር ነጠላውን ያጨልመዋል፣ ፊቷንም አብሮ። መሣሪያው አልተበላሸም፣ አንሺውም መለኪያውን አልጣሰም። ቢሆንም ከአንድ እስከ ሁለት ደረጃ ብርሃን መጨመር የእሱ ፈንታ ነው፤ ነጩን የሚያውቀው እሱ እንጂ መለኪያው አይደለም።

የማይጠገን በሚመስል ስህተትም የሚተርፍ አለ፦ ፊልሙ ወደ ካሴቱ ሳይመለስ የካሜራው ክዳን ከተከፈተ ወዲያው መዝጋት ነው። ካሴቱ ውስጥ የቀረው ይተርፋል፤ ከተነሳውም በተቀባዩ ጥቅል ላይ ወደ ውስጥ የገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዳንዴ ይድናሉ። የሚቃጠሉት የመጨረሻዎቹ ናቸውና ተነሺው ካልሄደ እነሱን ደግሞ ማንሳት ይቻላል።