የማይታየውን ስለ መፍራት

ሰው የሚፈራውን ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋልን፥ ወይስ መፍራቱ ብቻ ይበቃዋል? ጥያቄው ለጊዜው የትምህርት ቤት ክርክር ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በብራዚል አገር ጎያኒያ በምትባል ከተማ፥ በእኛ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የሆነውን ስናስታውስ፥ በሕፃን ቀብር ላይ ድንጋይ ያስወረወረ ጥያቄ መሆኑን እናያለን።

በዚያች ከተማ አንድ የጨረራ ሕክምና ቤት ወደ ሌላ ሥፍራ ሲዛወር፥ ነቀርሳ ይታከምበት የነበረውን መሣሪያ ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሳያስታውቅ በአሮጌው ሕንፃ ውስጥ ትቶት ሄደ። መስከረም 2 ቀን ሁለት ሰዎች ገብተው የመሣሪያውን ራስ ነቅለው ወሰዱት፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ቁርጥራጭ ብረት ለሚነግድ ሰው፥ በእኛ አጠራር ለቆራሌ፥ ሸጡት። በውስጡ የነበረው ራዲዮአክቲቭ የሴዚየም 137 ጨው 93 ግራም ያህል ብቻ ሲሆን፥ በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጥ ነበር። ባለቤቱም በውበቱ ተደንቆ ዘመድ ወዳጁን ጠርቶ አሳየ፤ ፍንጣሪውንም አካፈላቸው። ገላቸውን የተቀቡበትም ነበሩ። የወንድሙ ልጅ፥ የስድስት ዓመት ሕፃን፥ በዱቄቱ ስትጫወት ቆይታ በዚያው እጇ ምግብ በላች።

እነዚህን ሰዎች ሞኞች ማለት ቀላል ነው፤ እኛ ግን አንልም። ሽታ የለው፥ አያቃጥል፥ ደግሞም ያበራል፤ ብርሃንን ማን ይጠረጥራል? ያላወቀ ሰው ቢሳሳት ያሳዝናል፤ እያወቀ ዝም ያለው ግን መልስ ሊሰጥበት የሚገባ ሥራ ሠርቷል።

ከሁሉም ይልቅ የምታስደንቀን የቆራሌው ሚስት ናት። የቤቱ ሰዎች ሁሉ ያ ነገር ከመጣ ወዲህ በአንድነት መታመማቸውን አስተዋለች። ሐኪሞች ሌላ በሽታ መስሏቸው ሳለ፥ እርሷ ቀሪውን ከተሸጠበት ግቢ አስፈልጋ በከረጢት ካስያዘች በኋላ፥ ከአንድ ሠራተኛ ጋር በአውቶቡስ ተሳፍራ መስከረም 17 ቀን ለጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት አስረከበች። በማግስቱ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ በመሣሪያ ለክቶ እውነቱን ገለጠ። እርሷ የሴዚየምን ስም አታውቅም ነበር፤ ነገር ግን ከውጤቱ ተነሥታ ምክንያቱን ፈለገች፤ በምርምር ትምህርት የምንፈልገውም ከዚህ ሌላ አይመስለንም። ጥቅምት 12 ቀን እርሷም ሕፃኒቱም ሞቱ። የሟቾቹ ቍጥር በጠቅላላው አራት ሆነ።

ከዚህ በኋላ ፍርሃቱ መጣ። ከ112,000 የሚበልጥ ሕዝብ በስታዲዮም ተመርምሮ፥ ዱቄቱ የነካቸው ሆነው የተገኙት 249 ነበሩ። ሆኖም ከጎያኒያ የመጣን እንግዳ የማይቀበሉ ሆቴሎች ነበሩ፤ የአካባቢውንም ምርት የሚገዛ ጠፋ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እነዚህ ግን እባቡን በወሬ እንጂ በዓይን አላዩትም።

ጨረራ ልክ ያለው ነገር ነው። በመሣሪያ ይለካል፤ ከምንጩ በራቅን ቍጥር ይቀንሳል፤ እርሳስና ኮንክሪት ያግዱታል፤ የሴዚየም 137 ኃይልም በየ30 ዓመቱ ገደማ በእኩሌታ ይጎድላል። ጨረራው ያለፈበት ሰው በዚያ ምክንያት ብቻ ለሌላው አያስተላልፍም፤ የሚተላለፈው ዱቄቱ ነው፥ ከገላ ላይም በውሃ ይታጠባል። ወደ ሰውነት የገባው ግን ሌላ ነው፤ ስለዚህም የሟቾቹ ሣጥን በእርሳስ ተለበጠ። (በየሆስፒታሉ በር ላይ የሚታየውን ባለ ሦስት ክንፍ ምልክት ትርጉሙን ለልጁ ያስረዳ ከመካከላችን ስንት ይሆን?)

ስለ ፈሪዎቹም ፍርድ ስንሰጥ መጠንቀቅ አለብን። አደገኛውን መሣሪያ ያለ ጠባቂ የተወው የተማረው ክፍል ነበር፤ ያው ክፍል ተመልሶ «አትፍሩ» ቢል በምን ይታመናል? ፍርሃታቸው ይገባናል። ድንጋዩ ግን አይገባንም። በቀብሩ ቀን ብዙ ሰው ወደ መካነ መቃብሩ ወጥቶ ድንጋይ እየወረወረ ቀብሩን ለመከልከል ተሰለፈ፤ አደጋውን በእጇ ይዛ ያስረከበችው ሴትና የወንድም ልጅ በዚያው ጩኸት መካከል ወደ ኮንክሪት ጕድጓዳቸው ወረዱ።