የጢሱ ባለቤት ማን ነው?

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባለ ጎጆ ውስጥ እንጨት አንድዳ እንጀራ የምትጋግር ሴት፥ ብርሃኑም ሙቀቱም ጢሱም የራስዋ ነው። ዓይንዋን የሚያቃጥላት እርስዋው ያነደደችው እሳት ስለ ሆነ፥ ማገዶው ሲበዛ ጢሱ ራሱ ይነግራታል። (እንጀራውን ባልዋም እንደሚበላው አልዘነጋሁም።)

ይህን ሥርዐት ያፈረሰው ትልቁ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የድንጋይ ከሰል ይነዳል፥ ውሃ ይፈላል፥ እንፋሎቱ ተርባይን የሚሉትን መዘውር ያዞራል። በከሰል የሚሠራ ጣቢያ በሎንዶን ከተማ በ1882 ሥራ ጀመረ፤ ዘመኑን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ መብራቱ በሽቦ ሩቅ ስለሚሄድ፥ ጢሱ ከሚበራለት ሰው ተለየ። በዲሴምበር 1952 የምድጃውና የጣቢያው የከሰል ጢስ ከጉም ጋራ ተቀላቅሎ በሎንዶን ላይ ለአምስት ቀን ተኛ፤ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብም ገደለ። በኋላም የጣቢያዎቹ የጢስ መውጫ ወደ ሰማይ ረዘመ፤ አንዳንዱ 200 ሜትር ያህል ደረሰ። ለጎረቤት በእርግጥ ቀለለው። ነገር ግን ጢሱ ባሕር ተሻግሮ በኖርዌይና በስዊድን ላይ ኮምጣጣ ዝናብ ሆኖ ወረደ፥ የሐይቁንም ዓሣ ፈጀ። መብራቱን ያበራው ሰው ተረጋግቶ መጽሐፉን ያነባል፤ የተጎዳው ዓሣ አጥማጅ ስሙን እንኳ አያውቀውም። እንግሊዞች የመጨረሻውን የከሰል ጣቢያቸውን የዘጉት በ2024 ነው።

እኛ ግን መብራታችን ከውሃ ነው ብለን እንኰራለን፤ መኵራትም ይገባናል። ሆኖም ሽቦውም በበኩሉ ረጅም የጢስ መውጫ ነው። የአገራችን ሰው ፏፏቴውን ጢስ ዓባይ ያለው፥ ከገደሉ ሥር እንደ ጢስ ስለሚነሣው የውሃ ጉም ነው። በ1964 እዚያ ጣቢያ ተሠራ፤ በ2001 ሁለተኛው ተጨመረ፤ በ2010 ደግሞ የጣናን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ የሚያወርደው 460 ሜጋዋት ጣቢያ ተከፈተ። ሌላው አገር መብራት ሲያበራ ጢስ ይጨምራል፤ እኛ ያን ነጭ ጢስ ቀነስነው። እንግዳ እየመራ እንጀራውን የሚያገኘው የመንደር ልጅ፥ ውሃው በሳሳ ቀን ማንን ይክሰስ? በአዊ፥ በፋግታ ለኮማ፥ ዲከረንስ ተክሎ የሚያከስለው ገበሬ እንኳ ጢሱን ቢውጥም የከሰሉን ዋጋ ይቀበላል።

አንድ ወዳጄ፥ «የመብራቴን ሒሳብ በየወሩ እከፍላለሁ፤ ሌላ ዕዳ የለብኝም» ይለኛል። ክርክሩ አያጠግበኝም። ሒሳቡ የሚከፈለው ለአምራቹ ነው እንጂ ለተጎዳው አይደለም። አምፖልህን አጥፋ አልለውም፤ በእርሱ ጨለማ የሚጠቀም ማንም የለም። የምለው፥ ውሃውን ለሰጠ መንደር መብራቱ አስቀድሞ ይግባለት ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይባል የለም? ከፍተኛው ሽቦ በጎጆው ላይ ያልፋል፤ ኃይሉን ዝቅ አድርጎ የሚያከፋፍል ጣቢያ ካልተሠራ ግን አንዲት አምፖል አያበራም። በ2025 የተመረቀውን፥ ሕዝቡ ከጉሮሮው ቀንሶ ቦንድ እየገዛ ያሠራውን የሕዳሴ ግድብ ሳስብ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

ይህን ስነግረው ወዳጄ፥ «እንዲህማ ከሆነ የመብራት ዋጋ ይጨምራል» አለኝ። ይጨምር ይሆናል።