ያልተጠጣው ጽዋ

ውጫሌ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ በ1881 ዓ.ም. ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ወደ ተፈረመው ውል ይሄዳል፤ በዚያው በአምባሰል ግን ግማደ መስቀሉ ዐርፎበታል ተብሎ የሚታመነው ግሸን ደብረ ከርቤ አለ፤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን፣ ወገቡን ያመመውም ጕልበቱ የከዳውም ምእመን፣ የመስቀል ቅርጽ ወዳለው ወደዚያ አምባ በምርኩዝ እየወጣ ድካሙን እንደ መሥዋዕት ያቀርባል። እንዲህ ያለው ሰው፣ ሥር የሰደደ ሕመሙን በመድኃኒት ማደንዘዝ ከመስቀሉ መሸሽ እንዳይሆንበት ቢሠጋ አይፈረድበትም።

ጥያቄውን በዘመናችን ያከበደው ኬታሚን የተባለው ማደንዘዣ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1962 በአሜሪካ ተቀምሞ በ1970 ለሕክምና የተፈቀደው ይህ መድኃኒት፣ እስትንፋስን እንደ ሌሎቹ ስለማያፍን፣ የማደንዘዣ መሣሪያ በሌለበት በገጠሩ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ረዳት ሆኖ ኖሯል። የተወጋው ሰው ዓይኑን እንደ ገለጠ፣ ብሌኑም ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ፣ ምላጩ ሥጋውን ሲቈርጠው አያውቅም፤ ሲነቃም ከላይ ሆኖ የገዛ ሥጋውን ሲመለከት እንደ ነበረ የሚናገር አለ። (ይህን ራእይ ነው ለሚሉ፣ አባቶች ሕልምን እንኳ ሳይመረምሩ እንዳልተቀበሉ ማስታወስ ይበቃል።) በዚያው አቈጣጠር በ2000 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ግን፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት ግማሽ ሚሊግራም ያህሉ በ40 ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር ሲሰጥ የጸና ድባቴን በቀናት ውስጥ እንደሚያቀል አሳየ፤ በ2019ም ከዚሁ ዘር የሆነ በአፍንጫ የሚወሰድ መድኃኒት፣ ሕመምተኛው በባለሙያ ዓይን ሥር ሁለት ሰዓት እንዲቈይ ታዞ ተፈቀደ። ቍስሉ ከሻረ በኋላ ለማያርፈው የነርቭ ሕመምም ይሰጣል፤ ማስረጃው ግን እንደ ድባቴው የጸና አይደለም። የደም ግፊት ይጨምራል፤ ያለ ልክ የለመደውንም ሰው ፊኛውን ያበላሻል።

ወንጌላዊው ማርቆስ እንደ ጻፈው፣ ጌታችን በጎልጎታ ከርቤ የተቀላቀለበት ወይን ቢቀርብለት አልተቀበለም። ይህን ለሕሙማን ሁሉ እንደ ሕግ የሚጠቅስ ሰው ግን፣ የራሱን ጽዋ የመለሰው ያው ጌታ፣ ወደ እርሱ ከመጡት ዕውራንና ለምጻሞች አንዱን እንኳ ሕማምህን ታቅፈህ ኑር ብሎ እንዳልሸኘ መዘንጋት የለበትም። እርሱ ጽዋውን የመለሰው በፈቃዱ ነው፤ መሥዋዕትም ያለ ፈቃድ መሥዋዕት አይባልም። ድባቴ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነጥቀው ፈቃድን ነው፤ ከአልጋ ለመነሣት፣ ለመጸለይ፣ እንጀራ ለመቍረስ እንኳ የሚፈቅድ ልብ ያጣ ሰው፣ ሕማሙን ይሸከመዋል እንጂ አያቀርበውም። ፈቃዱን የመለሰለት መድኃኒት እንግዲህ ከመስቀሉ አላራቀውም፤ የሚያቀርበው ነገር እንዲኖረው አደረገ እንጂ።

ስለዚህ በጸበል ላይ ያለውን ሕመምተኛ መድኃኒትህን ጣል የሚል አጥማቂ ሲገኝ፣ ሲራክ ሐኪምን አክብሩ ማለቱን የሚያሳስበው ሰው ያስፈልገዋል። ሐኪሙም ቢሆን ሥራዬን ጨረስሁ ሊል አይችልም፤ የአንዱ መርፌ ዕረፍት ብዙ ጊዜ ከጥቂት ቀናት አያልፍምና። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደሴና በወልድያ መንገድ ሲመላለስበት የከረመ፣ ድንጋጤውም ያልለቀቀው የውጫሌ ሰው ይህን ሕክምና ቢያገኝ፣ በእነዚያ ጥቂት ቀናት አጠገቡ ተቀምጦ የሚያነጋግረው ሰው ይሻል፤ ክርስቲያኑና እስላሙ ወዳጃ በሚባለው የጸሎት ጉባኤ አብሮ በሚቀመጥበት በወሎ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው ማግኘት ከመድኃኒቱ ይልቅ ይቀላል።