ማዕድና ግርግም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ማዕድ ቀርቦ፣ እጅ ታጥቦ፣ ከመካከላችን ታላቅ የሆነው ተነሥቶ አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ ሲባርክ ሁላችንም አሜን እንላለን። ይህ ከአባቶቻችን የተቀበልነው መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን እኛ አሜን ባልንበት ሰዓት በበረት የቆመው በሬ፣ ከገበያ የተመለሰችው አህያ ምን እንደ በሉ የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ይህ የእረኛ ጉዳይ እንጂ የጸሎት ጉዳይ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ቅዱሳት መጻሕፍት ግን ሁለቱን አይለያዩአቸውም።

አስቀድመን በረከት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ኦሪት ሰው በልቶ በጠገበ ጊዜ አምላኩን እንዲባርክ ታዝዛለች (ዘዳ. 8፥10)። ሊቃውንተ አይሁድም በዚህ ላይ ተመሥርተው ከመብል በኋላ ብቻ ሳይሆን ከመብል በፊትም መባረክ ይገባል ብለው ሥርዓት ሠሩ። ታልሙድ በሚባለው ታላቅ መጽሐፋቸው፣ ሳይባርክ የሚበላ ሰው የእግዚአብሔርን ንብረት እንደ ዘረፈ ይቈጠራል ብለው ያስተምራሉ። በእነርሱ ቡራኬ የሚባረከው እንጀራው ሳይሆን እግዚአብሔር ነው። ባራኪው የእንጀራውን ባለቤት ማን እንደ ሆነ ይመሰክራል፤ እርሱ ራሱ ግን እንግዳ ነው።

ከቡራኬው በኋላ እንጀራው እስኪቀመስ ድረስ መካከል ላይ ሌላ ወሬ ማስገባት አይፈቀድም፤ ቡራኬውን ያቋርጠዋልና። ሆኖም ሊቃውንቱ አንድ ነገር ለይተው አወጡ። አንድ ሰው ባርኮ ገና ሳይቀምስ «ለበሬዎቹ መኖ አዘጋጁ» ቢል ቡራኬው አልተቋረጠም፣ እንደገና መባረክም አያስፈልገውም አሉ። ለምን? ራብ የተባለው መምህራቸው ሰው ለእንስሳው ሳይሰጥ እንዳይበላ አስተምሯልና። ማስረጃው ከኦሪት ነው፤ በዘዳግም 11፥15 እግዚአብሔር አስቀድሞ ለከብቱ ሣር እንደሚሰጥ ይናገራል፣ የሰውየው መብላትና መጥገብ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ስለ በሬው የተነገረው ቃል ከጸሎት ውጭ የሆነ ወሬ አይደለም፤ የጸሎቱ ክፍል ነው።

ይህ ትምህርት የሩቅ አገር ብቻ አይምሰለን። በጎንደርና በሰሜን ተራሮች ብዙ መቶ ዓመታት የኖሩት ቤተ እስራኤል ታልሙድ አልደረሳቸውም ነበር፤ ኦሪትን ግን እንደ እኛው በግእዝ ያነብቡ፣ በግእዝም ይጸልዩ ነበር። በሰንበት እሳት አያነዱም ነበር። ብዙዎቹ ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ስለ ነበሩ የጎረቤታቸው ገበሬ በሬውን ጠምዶ የሚያርስበትን ማረሻ ቀጥቅጠው የሚሰጡት እነርሱ ነበሩ። በማረሻቸው እያረሱ «ቡዳ» ብለው የሚያርቋቸው ብዙ ነበሩ፤ ይህም አሳዛኝ ነገር ነው። በ1977 ዓ.ም. ብዙዎቹ በሱዳን በኩል፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። እነርሱ የጠበቁት ኦሪት እኛም የምንሳለመው ኦሪት ነው።

በዚያው ኦሪት የሰንበት ትእዛዝ ለሰው ብቻ አልተሰጠም። ዘዳግም 5፥14 በሬውንና አህያውን በስም ጠርቶ ከልጅና ከሎሌ ጋር በዕረፍቱ ውስጥ ያስገባቸዋል። በእኛም ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ተወስኗል። ስለዚህ በጎጃም ገጠር በሁለቱ ሰንበታት በሬ አይጠመድም። መልካም ነው! ነገር ግን በሬውን አሳርፈን አህያዋን በርበሬና በቆሎ ጭነን ወደ ቅዳሜ ገበያ ብንነዳት ትእዛዙን በግማሽ ፈጸምነው ማለት ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ጋሪ የሚጎትተው ፈረስስ ሰንበቱ መቼ ነው?

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የበለዓምን ታሪክ አስቡ (ዘኁ. 22)። በለዓም አፉ ለቡራኬና ለርግማን የሚፈለግ ሰው ነበር፤ የሞዓብ ንጉሥ ባላቅ እስራኤልን ይረግምለት ዘንድ አስጠራው። በመንገድ ላይ መልአኩን ያየችው ግን አህያዋ ናት። እርሱ አላየም፤ ሦስት ጊዜም ደበደባት። ዓይኑ በተከፈተ ጊዜ መልአኩ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀው ምን ነበር? ስለ ባላቅ ወርቅና ብር አልጠየቀውም። አህያዋን ሦስት ጊዜ ስለ ምን መታሃት አለው እንጂ። ሕዝብን ሊባርክ ወይም ሊረግም የተነሣ አፍ አስቀድሞ በእጁ ስላለው ዱላ ተጠየቀ።

ምናልባት ከእናንተ መጽሐፍ የሚያነብ አንዱ፣ «ቅዱስ ጳውሎስ ስለሚያበራየው በሬ የተጻፈውን ጠቅሶ እግዚአብሔር ለበሬዎች ይገደዋልን ብሎ የለምን?» ይለን ይሆናል (1ቆሮ. 9፥9)። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሐዋርያው ግን ሕጉን መሠረት አድርጎ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ መሠረቱን አያፈርስም። በአውድማ የሚደክም በሬ ከአውድማው መብላት ከተገባው፣ በወንጌል የሚደክም ሰው ይልቁንም ይገባዋል ማለቱ ነው። የበሬው ድርሻ ከተሻረ የሐዋርያውም ክርክር አብሮ ይወድቃል። ጌታችንም በሰንበት በሬውንና አህያውን ከግርግም ፈትቶ ውኃ ማጠጣትን የታወቀ በጎ ሥራ አድርጎ ጠቅሶታል (ሉቃ. 13፥15)። በየዓመቱ የምንጾማት ጾመ ነነዌም ይህንኑ ታስተምረናለች፤ በነነዌ እንስሳት ከሰዎች ጋር ጾመዋል፣ እግዚአብሔርም ለዮናስ የምሕረቱን ምክንያት ሲነግረው ብዙ እንስሳትን ከሕፃናቱ ጋር ቈጥሯል። የአባታችን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ የተጠማችው ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ የቆሙት ለጸሎት ነበር። ወፏ ጸሎታቸውን አላቋረጠችም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም የሚከብደው ነው። ዘፀአት 23፥5 የሚጠላህ ሰው አህያ ከጭነቷ በታች ወድቃ ብታይ አልፈህ አትሂድ፣ ከባለቤቷ ጋር ሆነህ አንሣት ይላል። ሊቃውንተ አይሁድ፣ ሁለቱ ሰዎች አብረው ጭነቱን ሲያነሡ ልባቸው ይለዝባል፣ በዚያው ይታረቃሉ ብለው ተረጐሙት። በቂም ምክንያት ሁለት ቤተ ሰብ በአንድ ምንጭ ውኃ የማይቀዳበት መንደር ላለን ለእኛ ይህ ቀላል ቃል አይደለም። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ነው። የሰላም መንገድ ከወደቀች አህያ አጠገብ ሊጀምር ይችላል።

እንግዲህ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ እስከ ቆጋም ወንዝ ዳር ያለን ወጣቶች ምን እናድርግ? የማዕድ ጸሎት ከመጀመሩ በፊት ከእኛ አንዱ ተነሥቶ በበረት ያሉት መብላት መጠጣታቸውን ይይ። ገጣባ አህያ ቁስሏ ሳይሽር አትጫን፤ ቤተ ሰብ ቢቸኩል በትሕትና እንለምን፣ ሸክሙንም እንካፈል። በአውድማ ጊዜ በሬው ጎንበስ ብሎ ሲቀምስ ጅራፍ አናንሣ፤ ድርሻው ነውና። ጋሪ የምንነዳም ለፈረሱ የዕረፍት ቀኑን እንስጠው፤ የአንድ ቀን ገቢ ይቀርብናል፣ እርሱም ለእግዚአብሔር የሰጠነው ሆኖ ይቈጠርልናል።

ጌታችን በተወለደ ጊዜ የተኛው በግርግም ነው። ግርግሙን ባዶ አድርገን ማዕዳችንን ብቻ ይባርክልን ዘንድ አንለምነው። አምላከ ቅዱሳን የምንባርክበትን አፍና የምንራራበትን ልብ አንድ ያድርግልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።