ለማይመረምረን ሰው መሥራት

ሰው ሥራውን የሚያሳምረው ለማን ብሎ ነው? ለሚያመሰግነው ነው ወይስ ለሚጠቀምበት? ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ብዙውን ጊዜ አመስጋኙና ተጠቃሚው አንድ ሰው ስለ ሆነ ልዩነቱ አይታወቅም። ጫማ የገዛ ሰው ጫማው ቢቆረቁረው ተመልሶ ሰፊውን ይወቅሰዋል። ነገር ግን ተጠቃሚው ሥራውን ለመመርመር የማይችል በሆነ ጊዜ የሠሪው ኅሊና ብቻውን ዳኛ ሆኖ ይቀራል። እኔ ይህን የተረዳሁት ብዙ ዘመን ካስተማርሁበት ክፍል ሳይሆን በገዛ እጄ ከሠራሁት አንድ የእንጨት ሣጥን ነው።

ከመምህርነት በጡረታ ከተገለልሁ በኋላ በጅግጅጋ በምኖርበት ቤት፥ አምስት ዓመት ለሆናት የልጅ ልጄ የመጫወቻ ማስቀመጫ ልሠራላት አሰብሁ። ከጨርቅ የተሰፋች አሻንጉሊቷ፥ ከጭቃ የተሠሩ ግመሎቿ፥ ከቶጎ ውጫሌ የመጡላት የፕላስቲክ መኪናዎች በምትተኛበት ክፍል ወለል ላይ ተበትነው ማታ ማታ እግራችንን ይወጉን ነበር። በልጅነቴ የገባሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከፊደልና ከሒሳብ ጋር የእንጨት ሥራም ያስተምር ስለ ነበር፥ መጋዝና መላጊያ ለእጄ እንግዳ አልነበሩም። የጥድ ሳንቃ ገዝቼ ላግሁ፤ ርዝመቱን 90፥ ወርዱን 45፥ ከፍታውን 50 ሳንቲ ሜትር አድርጌ በኮላና በምስማር አጋጠምሁት፤ በብርጭቆ ወረቀትም አለሰለስሁት። የጅግጅጋ ነፋስ ምን ያህል አቧራ እንደሚያመጣ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃልና፥ ክዳኑን እንደ ሙዳይ አስገጠምሁት። በፊቱ በኩልም ሲዘጋ በራሱ የሚይዝ መቆለፊያ አደረግሁበት። ጎረቤቶቼ አገላብጠው አይተው «ወረቀት እንኳ አያስገባም» እያሉ አመሰገኑኝ፤ እኔም ደስ አለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ድብብቆሽ ሲጫወቱ ሕፃኒቱ ጠፋች። በግቢው፥ ከአልጋው ሥር፥ ከበሩ ኋላ ብትፈለግ አልተገኘችም። በመጨረሻ በክፍሏ ውስጥ መጫወቻዎቿ ከሣጥኑ ወጥተው ወለሉ ላይ ተደርድረው አየሁና ልቤ ደነገጠ። ክዳኑን ስከፍተው ፊቷ በላብ ርሶ፥ ድምፅዋ ተዘግቶ፥ ጉልበቷን አቅፋ አገኘኋት። ብዙ ጊዜ ጮኻ ነበር፤ ማንም አልሰማትም። ጎረቤት ያደነቀው ክዳን አቧራውን ብቻ ሳይሆን ድምፅዋንም ከልክሎ ነበር።

በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የገባ ሕፃን ያለችውን ጥቂት አየር ይጨርሳል፤ የሚያወጣው ትንፋሽም ተመልሶ ይመርዘዋል። ይህም በእኔ ቤት ብቻ የደረሰ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 በአሜሪካ፥ ከ1912 እስከ 1987 የተሠሩ 12 ሚሊዮን ያህል የልብስ ሣጥኖች ሲዘጉ በራሳቸው የሚቆለፉ በመሆናቸው፥ መቆለፊያቸው እንዲለወጥ ለሕዝብ ተነገረ። ሆኖም ሳይለወጡ የቀሩ ብዙ ነበሩ። በ2014 በማሳቹሴትስ ግዛት በፍራንክሊን ከተማ የ8 ዓመት እኅትና የ7 ዓመት ወንድም ከእነዚህ ሣጥኖች በአንዱ ውስጥ ታፍነው ሞቱ። ያን መቆለፊያ ያበጀው ሰው ክፉ ነገር አላሰበም፤ ያሰበው ለልብሱ ነበር። እኔም ያሰብሁት ለአቧራው ነበር።

ምናልባት አንዱ ተነሥቶ «ልጅን መጠበቅ የወላጅ ፋንታ ነው፤ አናጢው ምን አደረገ?» ይል ይሆናል። እርግጥ ነው፤ ወላጅ መጠበቅ አለበት። ነገር ግን የወላጅ ዓይን ይደክማል፥ እንቅልፍም ይወስደዋል፤ የተመታ ምስማር ግን ቀንም ሌሊትም በተመታበት ይኖራል። ሌላው ደግሞ «በቅን ልብ የተሠራ ነገር አያስወቅስም» ይላል። እኔ ግን ልጅቱን ከሣጥኑ ካወጣኋት ቀን ጀምሮ ይህን አሳብ ለመቀበል አልቻልሁም። ቅንነት መልካም ነገር ለማድረግ ያነሣሣናል፤ መልካም መሆኑን ለማወቅ ግን መመርመር ያስፈልጋል።

ይህን ነገር ዕድሜያቸውን በግመል ጥበቃ ላሳለፉ አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ጎረቤቴ አጫወትኋቸው። እንደምታውቀው የሶማሌ አርብቶ አደር ዕቃውን ከመጫኑ በፊት የግመሉን ጀርባ በተደራረበ ምንጣፍ ይሸፍነዋል። እርሳቸውም «መዓሊን» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው፤ «ግመል የት ላይ እንደ ቆሰለ አይናገርም፤ ጫኙ ራሱ አስቀድሞ በእጁ ዳስሶ ያውቅለታል እንጂ።»

በማግስቱ መቆለፊያውን ነቅዬ ጣልሁ። ሣጥኑ ግድግዳ ሲጠጋ እንዳይደፈኑ ብዬ በሁለቱ ጎኖች ቀዳዳዎች በሰርሳሪ በሳሁ። ክዳኑ ቢዘጋም አየርና ድምፅ እንዲያልፍ የፊቱን ጠርዝ በመጋዝ ጎረድሁት። በድንገት ወርዶ ጣት ወይም አንገት እንዳይመታም ደግፎ የሚይዝ ብረት አደረግሁለት። ጎረቤቶቼ «ምነው እንዲህ ያለውን ሥራ አበላሸኸው?» አሉኝ። አሁን አቧራ ይገባበታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጅቱ ጋር ሆነን እናራግፈዋለን።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቀድሞ ሥራዬ አስባለሁ። ተማሪም እንደዚያች ሕፃን ነው፤ የነገሩትን እውነት ነው ብሎ ይገባበታል። ሳልዘጋጅ ክፍል የገባሁባቸው ቀኖች ነበሩ። በእነዚያ ቀኖች ማንም አልወቀሰኝም፤ ልጆቹም እንደ ወትሮው ተነሥተው እጅ ነሡኝ። ምን አስተምሬያቸው እንደ ነበር፥ የትስ እንዳደረሳቸው አሁን ሄጄ ልከፍተው የምችል ክዳን የለም።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ አንተ ነገ መድኃኒት ትቀምም፥ ድልድይ ትሠራ፥ ለሕፃን ምግብ ታሰናዳ ይሆናል። ሥራህን በጨረስህ ጊዜ የተመልካቹን ምስጋና ለመስማት አትቸኩል። መጀመሪያ ጎንበስ በል፤ በሚጠቀምበት ሰው ቁመት ሆነህ ተመልከተው፤ ከተቻለህም ውስጡ ገብተህ ክዳኑን በራስህ ላይ ዝጋና እየው።