ጫማህን ለቁልቁለቱ ምረጥ

ልጄ፣ ከጓደኞችህ ጋር ራስ ደጀን ልትወጡ መቁረጣችሁን ስሰማ ደስ ብሎኛል። አገሩን በእግሩ የሚያውቅ ወጣት ይብዛልን። «ምን ዓይነት ጫማ ልግዛ?» ብለህ የጠየቅኸኝን ግን በአንድ ቃል መልሼ ልሸኝህ አልፈለግሁም። ለአፍ ዳገት የለውም፤ ቁጭ ብሎ ሲያወሩት ተራራው ሁሉ ቀላል ነው። መንገዱን የሚከፍለው እግር ነውና ረጋ ብለህ አድምጠኝ።

ከሁሉ አስቀድመህ ይህን ያዝ፦ የተራራ ጫማ የሚመረጠው ለቁልቁለቱ ነው። ዳገት ሳንባንና ልብን ይፈትናል፤ የደከመው አረፍ ብሎ፣ ውሃ ጠጥቶ ይነሣል። ቁልቁለት የሚፈትነው ጣትን፣ ቁርጭምጭሚትንና ጉልበትን ነው። ጥፍሩ የተነቀለ ወይም ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ሰው ዕረፍት አያነሣውም፤ በቅሎ ነው የሚፈለግለት። ገበያ ስትወጣ ዓይንህ ጫፉን እያሰበ ይሆናል፤ እግርህ ግን መውረጃውን ያስብ።

መንገዳችሁን ልንገርህ። ከደባርቅ ተነሥታችሁ ሳንቃበርን፣ ግጭንና ጨነቅን ታልፋላችሁ። ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በቧሂት ተራራ ትከሻ ከ4,200 ሜትር በላይ ትወጡና በማዶው ወደ መሸሃ ወንዝ ትወርዳላችሁ፤ ወንዙ ያለው 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። በአንድ ቀን 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ማለት ነው። ከወንዙ ተነሥታችሁ አምቢቆ ታድራላችሁ። በማግስቱ 4,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን ራስ ደጀንን ወጥታችሁ ወደዚያው ስትመለሱ ከ1,300 ሜትር በላይ እንደገና ትወርዳላችሁ። ምድሩም ድሮ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ሹል አለት አለ፣ ከእግር ሥር የሚንሸራተት ጠጠር አለ፣ ቁርጭምጭሚት የሚጠመዝዝ የጓሳ ጉብታ አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሄዳችሁ ደግሞ ጭቃው ይጨመርበታል። ከባድ የቆዳ ጫማ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ቦታ ነው።

ለሁሉም መንገድ ግን ከባድ ጫማ አይሁን። ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦን ወይም የመናገሻ ሱባን ጫካ ለመዞር ቀለል ያለ ጫማ ይበቃል። እግር ላይ የታሰረ ክብደት ጀርባ ላይ ከተሸከሙት አምስት እጥፍ ያህል ጉልበት ይበላል፤ ጠንካራ የቆዳ ጫማ ደግሞ ጥንዱ አንድ ኪሎ ተኩል፣ አንዳንዱም ሁለት ኪሎ ይሆናል። ይህን ክብደት የምትሸከመው ድንጋይ፣ ጭነትና ብዙ ቀን አንድ ላይ ሲመጡ ነው።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንግባ። በመጀመሪያ ቆዳውን እየው። የላይ ገጹ ያልተፋቀ፣ ወፈር ያለ ሙሉ ቆዳ ይሁን። ተሰንጥቆ ከታችኛው በኩል የወጣ ስስ ቆዳ ቀለም ተቀብቶ ሲያምር ሊያታልልህ ይችላል፤ ጣትህን ጫን አድርገህ አጠፍ ስታደርገው ቀለሙ ከተሰነጠቀ ወይም ከተላጠ ተወው። የስፌቱ መስመር ባነሰ ቁጥር ጫማው ይሻላል፤ ውሃ የሚገባውም፣ ድንጋይ ክር የሚበጥሰውም በስፌት በኩል ነውና። ምላሱ በሁለቱም ጎን ከጫማው ጋር እስከ ላይ የተሰፋ ይሁን፤ አለበለዚያ ጠጠርና ጭቃ በዚያ ይገባል።

ቀጥለህ አጥንቱን ፈትን። በአንድ እጅህ አፍንጫውን፣ በሌላው ተረከዙን ይዘህ እንደ እርጥብ ልብስ ልትጨምቀው ሞክር። በቀላሉ ከተጠማዘዘልህ ድንጋይም እንዲሁ ያጣምመዋል። የሚታጠፈው ጣቶችህ በሚታጠፉበት በኩል ብቻ ይሁን። ተረከዙን የሚይዘው ክፍል በአውራ ጣት ሲጫኑት የማይሰረጉድ፣ አንገቱም ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚያልፍ ይሁን።

ሶሉን ሳትገለብጥ ገንዘብ አትክፈል። ጥርሱ ጥልቅ፣ እርስ በርሱ የተራራቀ፣ የታኮው የፊት ጠርዝም ቀጥ ብሎ የቆመ ይሁን። ስትወርድ አፈሩን ነክሶ የሚይዝህ ያ ጠርዝ ነው። ይህ ዓይነቱ የጎማ ሶል የተገኘው በሰው ሕይወት ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ስድስት ተራራ ወጪዎች በኢጣሊያ አልፕስ ውስጥ ሞቱ፤ ለአየሩና ለበረዶው የማይሆን ጫማ አድርገው ነበር። ባልደረባቸው የነበረው ቪታሌ ብራማኒ ከዚያ ሐዘን ተነሥቶ ጥርስ ያለው የጎማ ሶል ሠራ፤ በ1937 ቪብራም ተብሎ ገበያ ላይ ዋለ። በ1954 ኬ ቱ የተባለውን ተራራ ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጡት ኢጣሊያውያንም በእሱ ሄዱ። ስለዚህ ሶል ላይ አትሰስት።

የብዙዎቻችን ኪስ የሚችለው ሳልባጅ ነው፤ ነውር የለበትም። መርካቶ ውስጥ ከውጭ የመጣ ጥሩ የቆዳ ጫማ ይገኛል። ነገር ግን በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንዳይሆንብህ። በብዙ ጫማ ጎማና ቆዳ መካከል ፖሊዩሬቴን የሚባል ለስላሳ ንጣፍ አለ። ይህ ንጣፍ ባይለበስም ያረጃል፤ የአየሩ እርጥበት እየበላው ዓመታት ካለፉ በኋላ ይፈረፈራል። ቆዳው አዲስ መስሎ፣ ጥርሱም ሳያልቅ፣ ተራራ ላይ በወጣ በመጀመሪያው ቀን ሶሉ ተገንጥሎ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከጎማው በላይ ያለውን ንጣፍ በአውራ ጣትህ ጥፍር ጫን በለው። ጤነኛው ይሰረጉድና ወዲያው ይመለሳል። ያረጀው እንደተሰረጎደ ይቀራል፣ ይፈረፈራል ወይም ይጣበቃል። ጫማውን ጎንበስ አድርገህ ስታጥፈውም ፀጉር መሳይ ስንጥቅ ከታየህ መልሰህ አስቀምጠው። «ማስቲሽ ይደረግበታል» ቢሉህ አትስማ፤ የፈረሰ ንጣፍ ማጣበቂያ የሚይዝበት አካል የለውም። ሶሉ ዙሪያውን በክር የተሰፋ ጫማ ካገኘህ እሱን ምረጥ፤ ሲያልቅ ጥሩ ጫማ ሰፊ ይለውጥልሃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ልክ ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነው ይባላል። በ1964 ቶኪዮ ላይ የሚመች ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ ዳግመኛ አሸነፈ። ከማይመች ጫማ ባዶ እግር ይሻላል፤ ከባዶ እግር ደግሞ የሚመች ጫማ። ጀግናው ሁለቱንም አሳይቶናል። ስለዚህ የጫማውን ስም ትልቅነት ትተህ እግርህን አድምጠው።

ልትለካ የምትሄደው ወደ ማታ ይሁን፤ ቀን ሲቆሙ ሲሄዱ የዋሉበት እግር አበጥ ይላልና። ተራራ ላይ የምታደርገውን ካልሲ ይዘህ ሂድ። ከሁለቱ እግሮችህ በሚበልጠው ለካ። ማሰሪያውን ሳታስር ጣቶችህ የጫማውን አፍንጫ እስኪነኩ እግርህን ወደፊት ግፋ፤ ከተረከዝህ ኋላ አንድ ጣት መግባት አለበት። ከዚያ አስረህ ቁም። ተረከዝህ ሲራመዱ ብድግ ብድግ የማይል፣ ጣቶችህ ደግሞ እንደልባቸው የሚንቀሳቀሱ ይሁን። ወሳኙ ፈተና ይቀርሃል፦ ባለሱቁን አስፈቅደህ፣ መያዣም ትተህ ቢሆን፣ ዘቅዘቅ ያለ መንገድ ላይ ቁልቁል ውረድ። ጣትህ ከፊት ከነካ ያ ጫማ ያንተ አይደለም። «ሲለበስ ይሰፋል» ይሉሃል፤ ቆዳ በወርዱ ትንሽ ይሰጣል፣ በርዝመቱ ግን አይጨምርም።

ገዛኸው እንበል። ያን ለታ ሻንጣ ውስጥ ከተህ ደባርቅ እንዳትሄድ። ወፍራም ቆዳ እግርህን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቢያንስ አንድ ወር ስጠው። መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ቀጥሎ ሰፈር፣ ቀጥሎ እንጦጦ፣ በኋላም ቦርሳህን ሞልተህ የረርን ወይም ዝቋላን ውጣበት፤ ውረድበትም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ እግርህ ላይ ይድረቅ፣ በእሳት ሞቅ አድርገው የሚሉህ አቋራጭ ቆዳውን ያደርቀዋል፤ ማጣበቂያውንም ያላቅቀዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ካልሲህ የሱፍ ይሁን። ጥጥ ላብ ጠጥቶ ይይዛል፣ እርጥብ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል። ጥፍርህን ከጉዞው ጥቂት ቀን አስቀድመህ በአጭሩና በቀጥታ ቁረጥ፤ ረጅም ጥፍር ቁልቁለት ላይ ራሱን በራሱ ይነቅላል።

አሁን አስተሳሰሩን ተማር፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዳገት ስትወጣ እግርህ አናት ላይ ልከኛ፣ አንገቱ ላይ ላላ አድርገህ እሰር፤ ቁርጭምጭሚት ይታጠፍ፣ ደምም ይዘዋወር። ቧሂት ትከሻ ላይ ስትደርሱ ወይም ከራስ ደጀን ለመመለስ ስትዞሩ ግን ተቀመጥና ፈትተህ እንደገና እሰረው። ተረከዝህን ድንጋይ ላይ መታ መታ አድርገህ ወደኋላ አስገባው። ከጣት በላይ ያለውን ላላ ተወው። እግርህ ወደ ላይ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ሁለቱን ክሮች አንዱን በሌላው ሁለት ጊዜ ጠምዝዘህ ሳብ፤ ያ ጥምዝ ራሱን ይይዛል፣ የታችኛውም አይላላም። ከዚያ ወደላይ መንጠቆዎቹን አጥብቀህ ጨርስ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ጥፍርህን የሚያድንልህ ግን እሱ ነው።

የእግርህ ቆዳ አንድ ቦታ ላይ ሞቅ ማለት ሲጀምር ያኔውኑ ቁም። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ። ጫማህን አውልቀህ ቦታውን አድርቀህ ፕላስተር ለጥፍበት። «ጓደኞቼን አስጠብቃለሁ» ብለህ አትፈር። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው፤ በጠዋት የናቅኸው ሙቀት ከሰዓት በኋላ ውሃ ይቋጥራል፣ በማግስቱ ደግሞ ቡድኑን ሁሉ የሚያቆመው ያንተ እግር ይሆናል።

መንገድ ላይ የአገሩ ሰዎች በላስቲክ ጫማ፣ አንዳንዱም በባዶ እግሩ ጥለውህ ሲያልፉ ታያለህ። «እነሱ እንዲያ እየሄዱ እኔ ምን ሆኜ?» አትበል። ያ እግር ከልጅነቱ ጀምሮ በዚያ ድንጋይ ላይ የጠነከረ ነው። ደግሞም ያለ ዋጋ አይደለም። በደጋችን ባለው የእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ ለዘመናት በባዶ እግር መሄድ የብዙ ገበሬ ወገናችንን እግር አሳብጧል፤ ሕክምናው ፖዶኮኒዮሲስ ይለዋል፣ መከላከያውም ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው። ስለዚህ ጉዟችሁ ሲያበቃ በቅሎ ለነዳላችሁና መንገድ ለመራችሁ ሰው ደህና ጫማ መስጠት ከቻላችሁ ስጡ። ልክ እንደሚሆነው ጠይቃችሁ፣ ንጣፉንም ፈትሻችሁ ስጡ፤ የሚፈርስ ጫማ ስጦታ አይባልም።

በመጨረሻ ስለ አያያዙ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ካምፕ ስትደርሱ የውስጥ ሶሉን አውጣ፣ ማሰሪያውን እስከ ታች ክፈት፣ ጋዜጣ ጠቅጥቅበትና ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ውስጥ አስቀምጥ። ጋዜጣው ሲርስ ቀይር። እሳት ዳር አታስጠጋው፤ በሙቀት የደረቀ ቆዳ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃልም። ቤት ስትመለስ ጭቃውን በብሩሽና በውሃ አጥበህ፣ ጥላ ውስጥ አድርቀህ፣ የጫማ ሰም በስሱ ቀባው፤ በተለይ ስፌቱን። የሊስትሮ ቀለም ያስውበዋል፣ ለተራራ ግን ብቻውን አይበቃም። ቅቤና የወጥ ዘይት አታስጠጋበት፤ ቆዳውን ያልሰፈስፈዋል፣ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራብሃል።

ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ። አንተ ጠይቀህ የምትሰማ ልጅ ነህና መከራው መካሪህ አይሁን። በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ካልሲህን ይዘህ ሂድ፣ ዘቅዛቃው መንገድ ላይ ወርደህ ለካ፣ ወሩን ሙሉ ልበሰው። ለጓደኞችህም ንገራቸው፤ ቡድን የሚሄደው በደካማው እግር ልክ ነው። እግራችሁን ከእንቅፋት ይጠብቅ፣ ወጥታችሁ ግቡ፣ ወርዳችሁም በጤና ግቡ።