የአባቴ ጀልባ የማን ናት?

ጀልባዋ ከጣና ወጥታ አራት ግንድ ላይ ከተቀመጠች ሦስት ክረምት አለፋት። ባሕር ዳር ስሄድ በቅድሚያ የማያት እሷን ነው፤ እናቴን እንኳ የምስመው ከዚያ በኋላ ነው። ርዝመቷ ዘጠኝ ሜትር፣ አካሏ ላሜራ፣ ጣራዋ ሸራ። ከሥሯ ያለው ዝገት በጣት ሲነኩት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይረግፋል። የ40 ፈረስ ጉልበት ያማሃ ሞተሯ ደግሞ አባቴ ይተኛበት በነበረው ክፍል፣ ብርድ ልብስ ለብሶ ቆሟል። አባቴ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አረፈ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው እኔ ላይ ነው፤ ትጠገን ወይስ ትሸጥ?

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። በእኛ ሙያ ይህ የየሳምንቱ ክርክር ነው፤ አሮጌውን ኮድ እንጠግነው ወይስ ጥለነው አዲስ እንጻፍ? መልስ የምንሰጥበት ዘዴም አለን። እስከ ዛሬ የወጣው ገንዘብ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ከዛሬ በኋላ የሚወጣውና የሚገባው ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን ስማር ትልቅ ጥበብ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

በ2014 አባቴ ደወለልኝ። «ፒስተኑ ሄዷል፣ 70 ሺህ ብር ብትልክልኝ አሠራዋለሁ» አለ። ብሩ ነበረኝ። እኔ ግን ኤክሴል ከፈትኩ። ኮሮና ከመጣ ጀምሮ ቱሪስት የለም፣ በላዩ ጦርነት ተጨመረ፣ ቤንዚን ተወዷል፣ እምቦጩ ፕሮፔለር ላይ እየተጠመጠመ ያስቸግራል። ስሌቱ ጀልባዋ በሦስት ዓመት ውስጥ እንኳ ወጪዋን እንደማትመልስ አሳየኝ። ይህንኑ በስልክ አስረዳሁት፤ ያውም በቁጥር። ጸጥ ብሎ ሰማኝና «እሺ ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ» አለ። በታመመ ሞተር አንድ ዓመት ያህል ገፋት፤ በ2015 በቃ፣ ከውኃ አወጣት።

ስሌቱ ልክ ነበር። ዛሬም ብደግመው ያው ነው የሚወጣው። የሚያስቸግረኝም ይሄው ነው፤ ተሳስቼ ቢሆን ስህተቴን አምኜ እገላገል ነበር። አባቴ ግን «ታዋጣለች ወይ?» ብሎ አልጠየቀኝም። የ61 ዓመት ሰው ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ቦታ እንዲኖረው ነበር የጠየቀኝ። ያልተጠየቅኩትን ጥያቄ በትክክል መለስኩ።

ከሞተ በኋላ መካኒክና በያጅ ወስጄ አሳየኋቸው። የላሜራው ቅያሪ፣ ቀለሙ፣ አዲስ ሞተር፤ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው አይቀመስም። በድምሩ ከ900 ሺህ ብር በላይ አሉኝ። አፍታ ሳላስብ «ትሠራ» ልል ነበር። እህቴ አጠገቤ ቆማ «ለጸጸትህ ዘጠኝ መቶ ሺህ ካለህ፣ ለእማዬ ጣራስ?» አለችኝ። የእናታችን ጣራ በሁለት ቦታ ያፈስሳል። ተቆጣሁ፤ የተቆጣሁት እውነቷን ስለሆነ ነው።

ድሮ ተበድረው ተስካር የሚያወጡ ሰዎችን ሳይ ይገርመኝ ነበር። የሞተው አይበላ፣ አይጠጣ፣ ለማን ነው? እል ነበር። አሁን ራሴ የላሜራ ተስካር ላወጣ ተነስቻለሁ። ደግሞም ሳስበው የእነሱ ይሻላል። ተስካር ቢያንስ ሰው ይበላበታል፣ ደሃ ይጠግብበታል። ለሟች የሚከፈለው በሕያዋን አፍ በኩል ነው። የእኔ ጀልባ ግን ተጠግና፣ ተቀብታ፣ በዓመት ሁለቴ እኔ ከአዲስ አበባ ስመጣ ፎቶ የምነሳባት ሆና ልትቀር ነው። ይሄ ዕዳ መክፈል ነው? እኔ እንጃ። ዕዳውን ቀለም ቀብቶ ማስቀመጥ ይመስለኛል።

ፕሉታርክ የሚተርከው የቴሴዎስ መርከብ ታሪክ አለ። አቴናውያን መርከቡን ለዘመናት ሲጠብቁ የበሰበሰውን ጣውላ እያወጡ በአዲስ ይተኩ ነበር። ፈላስፎችም «ያው መርከብ ነው ወይስ ሌላ?» እያሉ ይከራከሩበት ጀመር። በ1655 እ.ኤ.አ. ቶማስ ሆብስ ጥያቄውን አጠመመው። አንድ ሰው የወጣውን አሮጌ ጣውላ ሁሉ ሰብስቦ መልሶ ቢገጣጥመው፣ የትኛው ነው እውነተኛው መርከብ? ዩኒቨርሲቲ እያለሁ እንደ ጨዋታ ነበር የማየው። ባለፈው ጥር ግን የሆብስን ሁለተኛ መርከብ በዓይኔ አየሁት።

ጋሼ የአባቴ ረዳት ነበሩ፤ 19 ዓመት አብረው ሠርተዋል። ቱሪስት ወደ ዘጌ፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሲያመላልሱ፣ ሲመለሱ የዘጌን ቡና ሲጭኑ፣ ገመዱን የሚወረውሩት እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። የአጥሩ በር የጀልባዋ የድሮ ወለል ነው። የተቀመጥንበት አግዳሚ በ2005 የተቀየረው የመንገደኛ ወንበር ነው። ዶሮዎቹ የሚያድሩት በመጀመሪያው ሞተር ክዳን ሥር ነው። «ይሄን መቼ ነበር የቀየርነው?» እያሉ እያንዳንዱን ከነምክንያቱ ነገሩኝ። እኔ የማውቀው የአሁኗን ቀለም ብቻ ነው።

ሌላም ነገር ትዝ አላቸው። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ይህን እኔ በቀመር ነው የተማርኩት። አባቴ ግን ለመንገደኛ ሲያወራ «40 የሚለው ለባሕር ሰዎች ነው፤ እኛ ጋ ሠላሳ ምናምን ነው» ይል ነበር አሉኝ፤ እሱን በሚያውቅ ሰው ሳቅ እየሳቁ።

እዚያ አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው ጥያቄዬ የተበላሸ መሆኑ የገባኝ። «ትጠገን ወይስ ትሸጥ» ስል ጀልባዋ የእኔ እንደሆነች አስቀድሜ ወስኛለሁ። በሕግ የእናቴና የእኛ ናት፤ እሱ አያከራክርም። ግን ላሜራው ተቀይሮ፣ ሞተሩ ተቀይሮ፣ ወለሉ ተቀይሮ ጀልባዋ ያቺው ጀልባ ሆና የቆየችው ዕቃው ስለቆየ አይደለም። የሚጠግናት እጅ ስላልተቋረጠ ነው። ያ እጅ ደግሞ ግማሹ አሁንም በሕይወት አለ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ቡና ያስቀዳልኛል።

አንድ ሰው 350 ሺህ ብር በእጄ ሊሰጠኝ መጥቶ ነበር፤ ሐይቁ ዳር አቁሞ ካፌ ሊያደርጋት። ጋሼ ደግሞ 200 ሺህ፣ ያውም በሁለት ዓመት ተከፍሎ፤ አዲስ ሞተር ሳይሆን ያንኑ አሮጌውን አድሰው ሊነዷት። ኤክሴል የቱን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። እህቴም ካፌውን ነው ያለችው፤ ልኳን ነው፣ 150 ሺህ ብር ከእናታችን ኪስ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ልዩነቱን እኔ ልከፍል፣ ጣራውንም ልሠራ ተስማማን። ለዘጠኝ መቶ ሺው ጨክኜ ስለነበር ይሄ አልከበደኝም። ጸጸቴ ቀለለ ማለት ግን አይደለም፤ ለጋሼ ያደረግኩት ለአባቴ አይደርሰውም፣ ይህን አውቃለሁ።

እናቴ ምን እንደምትፈልግ ማንም አልጠየቃትም ነበር፤ እኔም ጭምር። ስጠይቃት «እኔ ውኃ እፈራለሁ፤ አንድ ቀን ተሳፍሬባት አላውቅም» አለችኝ። «ድምፁን ነበር የምሰማው። ሲመጣ ከሩቅ እለየዋለሁ፤ ያኔ ጀበናውን እጥዳለሁ።»

ሞተሩን ከክፍሉ ያወጣነው ዓርብ ነው። ብርድ ልብሱን አጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠችው እሷ ናት። ሰኞ ጋሼ አዲስ አበባ ደወሉልኝ፤ ፒስተኑን ዱባይ ካለው ጓደኛዬ እንዳፈላልግ። ጓደኛዬ ፎቶና ዋጋ ላከ። ፎቶውን ለጋሼ አሳለፍኩላቸው።

«እሱ ነው» አሉኝ። «ፋሻውንም አብሮ እንዲልክ ንገረው፤ እንዳይረሳ።»